የመግቢያ ቃለ መጠይቅ ጠያቂው ምን ይፈልጋል?

 ለዚህ ምሽት የተሰጠው ርዕስ «ለቢዝነስ ትምህርት ቤት የመግቢያ ቃለ መጠይቅ እንዴት ይዘጋጁ?» የሚል ነው። ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ግን ቃለ መጠይቁ ራሱ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። ጥሩ ሲቪና ጥሩ የመግቢያ ፈተና (ጂማት) ውጤት ይዞ ቃለ መጠይቁ ላይ የሚሰናከል አመልካች ብዙ ነው፤ ብዙዎቹን የሚጥላቸውም ጥያቄው ምን ፍለጋ እንደተጠየቀ አለማወቃቸው ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

በ1915 ዋልተር ዲል ስኮት የተባለ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር የአንድ ቀላል ሙከራ ውጤት አሳተመ። ስድስት ሥራ አስኪያጆች ለሽያጭ ሥራ ያመለከቱ 36 ሰዎችን በየተራ አነጋገሩ፤ ከዚያም እያንዳንዳቸው አመልካቾቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ አስቀመጡ። ሰው መምረጥ ሥራቸው ነበር። ሆኖም ከ36ቱ በ28ቱ ላይ፣ ሰውየው ከተሻለው ግማሽ ይመደብ ወይስ ከዝቅተኛው በሚለው እንኳ ሊስማሙ አልቻሉም። ያው አመልካች፣ ያው ንግግር፣ ስድስት ፍርድ።

ስኮት ኋላ ከ1920 እስከ 1939 የኖርዝዌስተርን ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠራ። የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ ኬሎግ የሚባለው፣ ዶናልድ ጃኮብስ ዲን በነበሩበት ዘመን አመልካቾቹን ሁሉ አነጋግሮ በመቀበል ስሙ የተነሣ ሆነ። ፈተናና የትምህርት ማስረጃ ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚሠራ አያሳዩም የሚል እምነት ነበር ከኋላው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ቃለ መጠይቅ ይህን ያህል የሚያሳስት ከሆነ ትምህርት ቤቶቹ ለምን አልተዉትም?

መልሱን ለማግኘት ወደ አውሮፕላን አብራሪዎች ማሠልጠኛ መሄድ ያስፈልጋል። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልትገባ በተቃረበችበት በ1941 የአገሪቱ ጦር አብራሪዎችን በብዛት ማሠልጠን ጀምሮ ነበር፤ ከሥልጠናው የሚሰናበተውም ብዙ ነበር። ጆን ፍላናጋን የተባለ ምሁር የሚመራው የሥነ ልቦና ክፍል፣ የተሰናበቱ 1,000 ሠልጣኞች ለምን እንደወደቁ ከአሠልጣኞቻቸው ሪፖርት መረመረ። ሪፖርቶቹ ተፈጥሯዊ የማብረር ችሎታ የለውም፣ ጠባዩ አይመችም፣ በቂ መሻሻል አላሳየም በሚሉ ቃላት የተሞሉ ነበሩ። ሠልጣኙ አውሮፕላኑን ሲያሳርፍ ምን እንዳደረገ፣ የትኛውን መሣሪያ ሳያይ እንዳለፈ፣ ምን ሲባል ምን እንደመለሰ የሚናገር ግን ጥቂት ነበር። ከእንዲህ ዓይነቱ ሪፖርት ቀጣዩን ሠልጣኝ ለመምረጥ የሚረዳ ነገር ማውጣት አልተቻለም።

ፍላናጋንና ባልደረቦቹ ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ለወጡት። አሠልጣኙን ወይም አዛዡን ስለ ሰውየው ጠባይ መጠየቁን ትተው፣ አንድ የተወሰነ ጊዜ እንዲያስታውስ ያደርጉት ጀመር። ሁኔታው ምን ነበር? ሰውየው በትክክል ምን አደረገ? ያደረገው ነገር ምን አስከተለ? ፍላናጋን ዘዴውን አብላልቶ በ1954 በሳይኮሎጂካል ቡለቲን መጽሔት አሳተመው። ዛሬ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ አንድ ጠያቂ «በሥራህ ላይ ከአለቃህ ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረኝ» ሲል፣ አወቀውም አላወቀው፣ የሚጠይቀው በዚህ መንገድ ነው። እባካችሁ ይህን ልብ በሉ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና።

በ1955 ደግሞ የ21 ዓመት ወጣት መኮንን የነበረው ዳንኤል ካህነማን፣ ኋላ የ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚ፣ የእስራኤል ጦር ምልምሎችን የሚያነጋግርበትን መንገድ እንዲያስተካክል ታዘዘ። ጠያቂዎቹ ምልምሉን እንዳሻቸው ካወሩት በኋላ ይህ ጥሩ ወታደር ይወጣዋል፣ ይህ አይወጣውም ይሉ ነበር፤ ግምታቸውም እንደማይሠራ ታይቷል። ካህነማን ስድስት ጠባዮችን መረጠ፤ ለእያንዳንዱም ምልምሉ ስላሳለፈው ሕይወት ቁርጥ ያሉ ጥያቄዎችን አዘጋጀ። ምን ሥራ ሠርተሃል? ሰዓት ታከብር ነበር? ከጓደኞችህ ጋር በየስንት ጊዜው ትገናኛለህ? ጠያቂው አንዱን ጠባይ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ሰጥቶ ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሄድም። ጠያቂዎቹ ማሽን አደረግኸን ብለው አጉረመረሙ። ውጤቱ ግን ከቀድሞው በእጅጉ የተሻለ ሆነ፤ ካህነማንም ከ45 ዓመት በኋላ ወደዚያው ክፍል ሲመለስ አሠራሩ ብዙም ሳይለወጥ ቆየው።

ማጠቃለያ ቁጥር ለሚወዱ፣ በ2022 ፖል ሳኬትና ሦስት ባልደረቦቹ በጆርናል ኦፍ አፕላይድ ሳይኮሎጂ ባወጡት ግምገማ፣ ጥያቄውና የነጥብ አሰጣጡ አስቀድሞ የተወሰነ ቃለ መጠይቅ ከኋለኛው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና 0.42 ሲሆን፣ ልቅ የሆነው ጭውውት 0.19 ብቻ ነው። ቃለ መጠይቅ የተረፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለተፈጸመ ነገር ሲጠይቅ ይጠቅማል።

ይህ ማለት ግን የጠያቂው ፍርድ ከስሕተት ነፃ ነው ማለት አይደለም። በሕክምና ትምህርት ቤት የሆነውን ስሙ። በ1979 የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች በሂውስተን የሚገኘውን የስቴቱን የሕክምና ትምህርት ቤት ቅበላውን ከ150 ወደ 200 እንዲያሳድግ አዘዙት። ትእዛዙ የደረሰው ምርጫው ካለቀ በኋላ ስለነበር፣ 800 ያህል ቃለ መጠይቅ ከተደረገላቸው አመልካቾች መካከል የቀሩት በደረጃ ከ700 በታች የወደቁት ነበሩ። 50ዎቹ ከእነርሱ ተወሰዱ። በ1987 በጃማ መጽሔት በወጣው ጥናት መሠረት፣ መጀመሪያ በተመረጡትና መጀመሪያ በተጣሉት መካከል በትምህርትም ሆነ በኋለኛው የሆስፒታል ልምምድ ልዩነት አልተገኘም። ወደ ታች ያወረዳቸው በአብዛኛው ጠያቂዎቹ በቃለ መጠይቁ ላይ ያደረባቸው ስሜት ነበር።

ወደ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ስንመጣ ከሁሉ የሚያስደንቀው በ2013 በሳይኮሎጂካል ሳይንስ የታተመው ጥናት ነው። ሁለት ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት፣ 9,000 ያህል የኤም.ቢ.ኤ ቃለ መጠይቆችን ነጥብ መረመሩ። ጠያቂው በዚያ ቀን ቀድመው ለገቡት ከፍ ያለ ነጥብ ሰጥቶ ከሆነ፣ ተከትሎ ለሚገባው ዝቅ አድርጎ ይሰጣል። በዓመቱ ውስጥ ስንት ጎበዝ እንደሚመጣ አያስብም፤ በዚያ ቀን ብቻ ለሁሉም ጥሩ ነጥብ ሰጠሁ እንዳይል ይሰጋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም፣ ወረቀታቸው በተቀራረበ አመልካቾች መካከል ትንሽም ታመዝናለች። አመልካች በዚህ ላይ የሚያደርገው ነገር የለም። ይህን ማወቁ ግን ይጠቅመዋል፤ ሳይቀበሉት ቢቀሩ በራሱ ላይ የመጨረሻ ፍርድ ተሰጠ ብሎ እንዳይወስደው፣ በሚቀጥለው ዙር ወይም በሌላ ትምህርት ቤት እንዲሞክር።

በእጁ ያለው ምንድን ነው ከተባለ፣ ማስረጃው ነው። ኢትዮጵያዊ አመልካች የሚቸገረውም እዚሁ ላይ ነው፤ ተናጋሪው የምሽቱ ዋና ጉዳይ አድርጎ የሚቆጥረው ይህን ነው። ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብሎ ያደገ፣ በታላላቆቹ ፊት ድምፁን ዝቅ ማድረግ የለመደ ሰው፣ የሠራውን ሁሉ ለመሥሪያ ቤቱ ይሰጣል። አንድ የባንክ ባለሙያ ቀርቧል እንበል። ስለገጠመው ከባድ ፈተና ሲጠየቅ «ቅርንጫፋችን የተበላሹ ብድሮችን በማስመለስ ጥሩ ውጤት አስመዝግቧል» ይላል። ጠያቂው «አንተስ ምን አደረግህ?» ሲለው «በቡድን መንፈስ ተረባርበን ነው» ይላል። ንግግሩ የታረመና የተከበረ ነው፤ ጠያቂው ግን በነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ የሚጽፈው አላገኘም።

ያው ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ቢጠየቅ ሌላ ነገር ይወጣል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መርካቶ ወርዶ የተበዳሪውን መጋዘን አይቷል። ዕቃው ጉምሩክ ላይ እንደተያዘ የተረዳው እዚያ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች አስቀምጦ ከነጋዴው ጋር አዲስ የአከፋፈል ጊዜ ተነጋግሯል። አለቃው አልፈርምም ሲል የዕቃውን ሰነድ ይዞ ተመልሶ አሳምኖታል። ብድሩ በስምንት ወር ተከፈለ። ይህ ትዕቢት አይደለም፤ የሆነው ነገር ነው። የሽማግሌዎቹንና የአለቃውን ድርሻ ጨምሮ ቢናገር ትሕትናውም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ከሰው ጋር እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። «ታታሪ ነኝ፣ የመሪነት ብቃት አለኝ» የሚለው ደግሞ፣ ጠባዩ አይመችም ብለው ከጻፉት አሠልጣኞች አይሻልም። ሁለቱም ያልታየ ነገር ላይ ስም መለጠፍ ነው።

ሰዓቱ እየገፋ ስለሆነ የርዕሱ ቀሪ ክፍል በአጭሩ ይቅረብ።

ትምህርት ቤቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሃርቫርድ የሚጠራው ጥቂቱን አመልካች ነው፤ ጠያቂው ማመልከቻውን በሙሉ አንብቦ ይመጣና 30 ደቂቃ ያነጋግራል፤ ስለዚህ በጻፋችሁት ላይ ጠልቆ ይገባል። በስታንፎርድ ብዙውን ጊዜ የሚያነጋግሩት የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው፤ ከሲቪ በቀር ያነበቡት ስለሌለ ከመጀመሪያው ማስረዳት ያስፈልጋል። ዋርተን ከ2012 ጀምሮ አምስት ስድስት አመልካቾችን በአንድ ላይ አስቀምጦ ለ35 ደቂቃ ያወያያል፤ ከዚያ አጭር የግል ቃለ መጠይቅ ይከተላል። ዝም ያለም፣ ሌላውን ያላናገረም እዚያ ይጎዳል። ኢንሲያድ በተለምዶ ከሁለት የቀድሞ ተማሪዎች ጋር ለየብቻ ያገናኛል። ዬልና ኬሎግ ደግሞ በቪዲዮ የሚመለሱ ጥያቄዎች አሏቸው፤ ጥያቄው ስክሪን ላይ ይመጣል፣ ለማሰብ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ከዚያ ካሜራው ይቀዳል። ፊት ለፊት ሰው ስለሌለ፣ ለዚህ በስልክ ራስን እየቀዱ መለማመድ የግድ ነው።

ዝግጅቱ እንዲህ ይሁን። ከሥራችሁ አሥር ያህል እውነተኛ አጋጣሚዎችን በወረቀት ጻፉ፤ የተሳካ፣ የከሸፈ፣ ከሰው ጋር ያጋጨ፣ ያለ ሥልጣን ሰው ያሳመናችሁበት። ለእያንዳንዱ ሁኔታውን በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ያደረጋችሁትን በሰፊው፣ ውጤቱን በቁጥር አስቀምጡ። መልሱን ቃል በቃል አትሸምድዱ፤ አጋጣሚውን ከያዛችሁ ቃሉ በሰዓቱ ይመጣል። ለምን ኤም.ቢ.ኤ፣ ለምን አሁን፣ ለምን ይህ ትምህርት ቤት ለሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ግን መልሱ አስቀድሞ የጠራ ይሁን። በእንግሊዝኛ መለማመዱም አይዘንጋ፤ በአማርኛ የሆነውን ታሪክ በሌላ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተርኩት ቃለ መጠይቁ ላይ መሆን የለበትም።

አንድ ተግባራዊ ነገር ሳይነገር እንዳይታለፍ። አሜሪካ ሰዓቷን በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ወደ ኋላ ትመልሳለች። ከዚያ በፊት ቦስተን ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ትዘገያለች፤ ከዚያ በኋላ በ8። የመጀመሪያው ዙር ቃለ መጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚውለው በዚያው ሰሞን ነው። በጃንዋሪ በቦስተን ከጠዋቱ 10:00 የተባለ ቀጠሮ እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ በኢሜይሉ ላይ ያለውን ቁጥር እንደ ኢትዮጵያ ሰዓት ማንበብ ቀጠሮ ያሳልፋል። መብራት ቢጠፋ የሚያገለግል የስልክ ዳታና ባትሪውን የሞላ ላፕቶፕም ይዘጋጅ።

በመጨረሻ አንድ ልመና ቀርቷል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ያለፋችሁ ወንድሞችና እኅቶች አላችሁ። በውጭ ያለ አመልካች ለልምምድ የሚያነጋግረው ሰው በቢሮው፣ በጎረቤቱ ያገኛል፤ እዚህ ያለው ብዙ ጊዜ ከመስታወት ጋር ይለማመዳል። ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁንና ስልካችሁን በሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ ጻፉ፤ ለሚዘጋጅ አንድ ሰውም ግማሽ ሰዓት ስጡት፤ «አንተስ ምን አደረግህ?» ብላችሁም ሦስት ጊዜ ጠይቁት።