ከመልካ ቁንጡሬ እስከ ዝዋይ፦ የሦስት ቀን መንገድና ያልጠየቅኩት ጥያቄ

(በ1997 ዓ.ም. ምሩቃን የ20ኛ ዓመት መገናኛ እራት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ጉዞው አሥር ደቂቃ ተናገሪ፤ ግን አታስለቅሺን» ብሎኛል። አሥር ደቂቃውን ለማክበር እሞክራለሁ። ስለ ሁለተኛው ግን ቃል አልገባሁም።

ለማታውቁት፣ ባለፈው ሳምንት ከጥምቀት ማግስት ከእኛ ባች አሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ ኮስተር ተጭነን ሦስት ቀን ዞረን መጥተናል። ከመካከላችን ከአሜሪካ የመጡ አሉ፣ ከስዊድን የመጣ አለ፣ ከሐዋሳ የመጣ አለ፣ እንደ እኔ ከአዲስ አበባ ንቅንቅ ብለን የማናውቅም አለን። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ተማሪ ሳለን ወይን ጠጅ ማለት አንድ ጠርሙስ ጉደር ለስምንት ሰው ነበር፤ እሱም ፈተና ሲያልቅ። አሁን ሁላችንም ደመወዝ አለን፤ እስቲ ወይኑ የሚበቅልበትን አገር እንየው፤ በመንገዳችንም በመጽሐፍ ብቻ የምናውቃቸውን ቅርሶች እንሳለም ተባለ።

የመጀመሪያው ቀን መንገዳችን ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ የሚወስደው ነበር። በየማለዳው እየደወልን መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳናረጋግጥ አንነሳም። ሾፌራችንም «ዶክተሮች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መግባት ነው» ከሚለው ደንባቸው ሦስቱንም ቀን ፍንክች አላሉም።

ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ መንገዱ አዋሽን ይሻገራል። መልካ ቁንጡሬ እዚያ ነው። አካባቢው ከባልጩት ጋር ተጣምሮ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጩት የቦታውም የድንጋዩም ስም ነው፤ የጥንቱ ሰው መሣሪያውን ይጠርብበት የነበረው ያ ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ። ቀዶ ሐኪሙ ጓደኛችን አንዱን ስባሪ በዓይኑ ለካና «ይሄ እኮ የእኔ ምላጭ ቅድመ አያት ነው» አለ። አብሮት የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሚያደንቀው ነገር ሲያገኝ ስለ ራሱ ነው የሚያወራው።

እኔን ያቆመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ሥፍራ በ1981 (እ.ኤ.አ.) አንዲት ትንሽ የሕፃን መንጋጋ ተገኝታ ነበር። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ጥናት ዕድሜዋ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነና የሆሞ ኢሬክተስ ወገን እንደሆነች አስረዳ። ይህንን ያወቁት በምን ይመስላችኋል? በጥርስ ነው። ገና ከድድ ያልወጡትን ጥርሶች ፈረንሳይ ወስደው፣ ግሬኖብል ባለው ሲንክሮትሮን በኤክስሬይ ዘልቀው አዩዋቸው። አጥንት ዕድሜ ልኩን ይፈርሳል ይሠራል። የጥርስ ኤናሜል ግን አንዴ ከተሠራ አይታደስም። በልጅነት የሆነብን ነገር እዚያው ተጽፎ ይቀራል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወደ አዳዲ ማርያም ታጠፍን። ከመሬት በታች ከአንድ አለት ተፈልፍላ የወጣች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ትውፊቱ ከቅዱስ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል። አንዷ ጓደኛችን ዘቢብ ይዛ ነበር። የስዊድኑ ልጅ «ለምን ዘቢብ?» ሲላት አንድ ቄስ ሰምተውት ሳቁና አስረዱት፤ ለቁርባን የሚሆነው ከዘቢብ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ነው። እኛ የወይን አገር ልናይ ስንሄድ የወይን ፍሬ ስንት ዘመን በደረቁ ቤተ መቅደስ ገብቶ ኖሯል።

ጢያ ስንደርስ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ጢያ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1972 ዓ.ም. ነው። ካሉት 36 ትክል ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ አለ። መቃብር ነው። አስጎብኚው ከሥራቸው የተቀበሩት አብዛኞቹ ወጣቶች እንደነበሩ ሲነግረን ሁላችንም ዝም አልን። ከመካከላችን ማንም ስም አልጠራም። ግን በዚህ ሃያ ዓመት ውስጥ ከባቻችን ያጣናቸውን ሁላችንም በልባችን ቆጥረናል። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የነሱን ወንበር ባዶ ስለተዋችሁልን ኮሚቴውን አመሰግናለሁ።

ያን ዕለት ቡታጅራ አደርን። በማግስቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርደን ዝዋይ፣ ማለትም ባቱ፣ ገባን።

አሁን ወደ ወይኑ። ዝዋይ ላይ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከቦርዶ ያስመጣቸውን ችግኞች በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ተከለ፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2006 ዓ.ም. ገበያ ወጡ። ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚሉትን ስሞች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ፣ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አሸዋማ አፈር ላይ፣ ግራና ቀኝ ግራር እያየ ይበቅላል። ዙሪያውን ጉማሬና ጅብ ገብተው ፍሬውን እንዳይበሉ ቦይ ተቆፍሯል። ቦርዶ ውስጥ የጉማሬ ችግር ያለ አይመስለኝም።

ያስጎበኘን ወጣት ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ፈረንሳይ አገር የወይን ግንድ በብርድ ወራት ይተኛል፤ እኛ አገር ግን የሚያስተኛው ብርድ ስለሌለ ቅርንጫፉን በመቁረጥና ውሃውን በመቆጣጠር ነው የሚያሳርፉት አለን። የሐዋሳው ጓደኛችን ወዲያው «እንደ ተረኛ ሐኪም ማለት ነው፤ በግድ ካላስተኙት አይተኛም» አለ። ልጁ ቀጠለ። አፈሩ ውሃ አለመቋጠሩ ለሥሩ ምን እንደሚጠቅም፣ ድንጋዩ ከየትኛው እሳተ ገሞራ ዘመን እንደሆነ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣና ምን እንደያዘ፣ አንድም ሳይቀር ነገረን። ተክሉ ሲታመም መጀመሪያ የሚያዩት ቅጠሉን ቢሆንም መጀመሪያ የሚጠይቁት ግን ስለ አፈሩና ስለ ውሃው ነው አለን።

እናንተዬ፣ እኔ በዚህ ጊዜ ብርጭቆ በእጄ ይዤ ቆሜአለሁ። ወይኑ ግን አልወርድ አለኝ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በ1998 ዓ.ም. ዕጣ ስናወጣ ለእኔ የደረሰኝ እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ ሆስፒታል ነበር። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ በቀን ሰባ ሰማንያ በሽተኛ አያለሁ። አንድ ቀን አንድ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ገበሬ ከትንሽ ልጃቸው ጋር ገቡ። ሰላም ሊሉኝ ሲዞሩ አንገታቸው ብቻውን አልዞረም፤ መላ ሰውነታቸው ነው አብሮ የዞረው። «ዶክተር፣ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ» አሉኝ። ጎንበስ ይበሉ አልኳቸው፤ አልቻሉም። ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው ብዬ ዲክሎፌናክ ጻፍኩላቸው። ልጅቷ ፈገግ ስትል ደግሞ ጥርሷ ቡናማ ሆኖ አየሁትና፣ ምን አልኳት መሰላችሁ? «የኔ ቆንጆ፣ ጥርስሽን በመፋቂያ በደንብ ፋቂ እንጂ» አልኳት። ልጅቷ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ከሦስት ዓመት በኋላ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ሆኜ፣ አንድ መምህራችን ዛሬም እዚህ ተቀምጠው እያዩኝ፣ የአከርካሪ ኤክስሬይ መብራቱ ላይ ሰቀሉ። አጥንቱ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ጅማቱ ሁሉ ድንጋይ ሆኗል። «ይሄ በሽተኛ ከየት ነው የመጣው?» ሲሉን ማናችንም አላወቅንም። «እንግዲያውስ ግማሹን ምርመራ አልሠራችሁም» አሉን። የአጥንት ፍሎሮሲስ ነበር። እነዚያን ሰውዬ እዚያው ቆሜ አስታወስኳቸው። ስማቸውን ግን አላስታወስኩትም። ስልክም አልነበራቸውም።

ነገሩ እናንተ የምታውቁት ነው፤ ከሕክምና ውጪ ላላችሁት ግን ባጭሩ ልበለው። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ የሠራው ድንጋይ ፍሎራይድ ይዟል፤ የጉድጓድ ውሃ ያንን አጥቦ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ ልጅ ጥርሱ በሚሠራበት ዕድሜ ሲጠጣ ኤናሜሉ ተበላሽቶ ይወጣል፤ መፋቂያም ብሩሽም አይመልሰውም። መጠኑ በጣም ከፍ ያለውን ደግሞ ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው አጥንቱና መገጣጠሚያው ይደርቃል። ማፍላት አይጠቅምም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይከማቻል። ጉድጓድ ከጉድጓድ ስለሚለያይ አንዱ መንደር ደኅና ሆኖ ጎረቤቱ ሊጎዳ ይችላል። ይህ ሁሉ ትናንት የታወቀ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቋችን ስላለው ፍሎሮሲስ ገና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጽፈዋል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ነገርም ከዚያ በፊት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። እኔ በ1998 ዓ.ም. ያላወቅኩት እውቀቱ ስላልነበረ አይደለም። «የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?» ብዬ ስላልጠየቅኩ ነው።

የወይን አብቃዩ ልጅ ለአንድ ግንድ የሚጠይቀውን እኔ ለሰው አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ቀን በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ተሻገርን። ደብረ ጽዮን ማርያም እዚያ ናት፤ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ወደዚያ ተሰዳ ነበር የሚለውን ትውፊት አባቶች እንደ ትናንት ነገር ነው የሚተርኩት። በደሴቶቹና በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ዛዮች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ቦታው እንዲህ ነው ብዬ በቃል ልነግራችሁ አልችልም፤ ሂዱና እዩት። ጀልባውን የሚነዳው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጨዋታ አዋቂ። የአሜሪካዋ ጓደኛችን ማዕበል ፈርታ ስትጮህ በሳቅ ፈረሰ። ሲስቅ ግን እጁን አፉ ላይ ያደርጋል።

ሁላችንም አየነው። አሥራ ሁለት ሐኪሞች ነን። በዚህ ጊዜ የሐዋሳው ጓደኛችን ቀስ ብሎ አጠገቡ ተቀመጠና ያደገበትን ቀበሌ፣ በልጅነቱ ውሃ ይቀዳበት የነበረውን ጉድጓድ፣ የታናናሾቹን ዕድሜ፣ አሁን ከየት እንደሚቀዱ ጠየቀው። ልጁ መጀመሪያ አፈረ፤ ቀጥሎ ግን «እኔ እኮ ባለመታጠቤ ይመስለኝ ነበር» አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ኖሯል። ለዚያች ልጅም ይህንኑ ነው የሰጠኋት፤ ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ነግሬ ነው የሸኘኋት።

ማታ ዝዋይ ላይ ቆሮሷችንን እየበላን ብዙ አወራን። ወይኑም ነበረ፤ አልዋሽም፣ ሲራው ጥሩ ነው። የማይጠጡትም ጓደኞቻችን በአምቦ ውሃ አብረውን አመሹ። ከዚያ ማዕድ የተነሳውን ሐሳብ ነው ዛሬ ለመምህራኖቻችን ይዤ የመጣሁት።

አንደኛ፣ ተማሪዎቻችሁ ታሪክ ሲወስዱ ከዕድሜና ከሥራ ቀጥሎ ያደጉበትን ቦታና የመጠጥ ውሃቸውን ምንጭ እንዲጽፉ አድርጉልን። አንድ መስመር ናት። ሁለተኛ፣ ኢንተርኖቹን በዓመት አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ አውጧቸው። መልካ ቁንጡሬ ላይ የዚያችን ሕፃን ጥርስ ታሪክ ይስሙ፤ ከዚያ ወርደው ሜዳው ላይ ያለውን ሕያው ጥርስ ይዩ፤ የውሃ ናሙናም ይቅዱ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የመጓጓዣውን ወጪ የእኛ ባች ሊሸፍን ተስማምቷል። ቃሉን እዚህ ሁላችሁ ፊት የምናገረው ጓደኞቼ ነገ ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ ነው።

እነዚያ ሰውዬ በሕይወት ካሉ ዛሬ ስልሳ አምስት ገደማ ይሆናቸዋል። ልጅቷ ሰላሳ አልፏታል፤ ምናልባት እሷም ልጆች አሏት። የሚቀዱት ከየትኛው ጉድጓድ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። በሚቀጥለው ወር ከሐዋሳው ጓደኛችን ጋር ወደዚያ ሆስፒታል ሄደን አንድ ሳምንት እንሠራለን። እሳቸውን አገኛለሁ ብዬ አይደለም። ቢያንስ ቀጥሎ የሚገባውን ሰው ልጠይቀው ነው።

አሥር ደቂቃዬን እንዳሳለፍኩ ከኮሚቴው ፊት አይቻለሁ። ስለዚህ ብርጭቋችሁን አንሱልኝ፤ ወይን የያዛችሁም፣ ውሃ የያዛችሁም። ላስተማሩን፣ ላጣናቸው፣ ለነገዎቹም ሐኪሞች።

ለጤናችን።