እንቁላል የያዘችው ዓሣ

አቅራቢ 1፦ እዚህ ሊባኖስ፣ አንጠልያስ ውስጥ፣ ዓሣ ሻጭ ደጃፍ ቆሜ ሱልጣን ኢብራሂም የሚሉትን ቀይ ዓሣ አየሁ። በረዶ ላይ የተደረደረው ከጣቴ ብዙም አይበልጥም።

አቅራቢ 2፦ እሱ እኮ ገና እንቁላል ያልጣለ ነው፣ እህቴ! ሕግ የለም እንዳይባል፣ የሊባኖስ የዓሣ ማጥመድ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1929፣ በፈረንሳይ ሞግዚትነት ዘመን ነው። በዳይናማይት ማጥመድ ክልክል ቢሆንም ዛሬም አልቀረም። ፍንዳታው ደግሞ ትልቅ ትንሽ ሳይለይ ይፈጃል።

አቅራቢ 1፦ ድሃው አጥማጅስ ልጆቹን በምን ያሳድር?

አቅራቢ 2፦ ጥያቄሽ ትክክል ነው። መረቡ ባዶ ሲወጣ መጀመሪያ የሚራበው እሱ ነው። የእኛን የጣና ሐይቅ አስቢ። ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሏን ልትጥል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ትወጣለች። አጥማጁም ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃታል። እናቲቱን ስትይዣት የከርሞውንም ያዝሽ ማለት ነው።

አቅራቢ 1፦ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 ይህንን ሀብት ለመጠበቅ ነበር።

አቅራቢ 2፦ አዋጁ ወንዙ ዳር ካልደረሰ ወረቀት ነው። በመራቢያው ወራት መረብ ይሰብሰብ፤ አጥማጁም እስከዚያ የሚደገፍበት ይፈለግለት።

አቅራቢ 1፦ እኛ ገዢዎችም የዓሣ ጫጩቱን አንግዛ። ገዢ ያጣ ጫጩት ባሕር ውስጥ ያድጋል።

አቅራቢ 2፦ አሜን። ባሕሩም ሐይቁም ለልጅ ልጅ ይትረፍ።