አምባዛ ሐላል ነው ወይ?



በሰፈራችን በለቡ መብራት ኃይል ከእህቶች ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አለ፤ «ቆሮሶ እንገዛለን፤ አምባዛ ግን ቅርፊት የለውምና ሐራም ነው ይሉናል። ሻጩ ክርስቲያን ከሆነስ?» የሚል።

የቅርፊቱ ነገር የኦሪት ሕግ ነው፤ በአራቱም መዝሀቦቻችን አምባዛ ሐላል ነው። ዓሣ እንደ በግና በሬ እርድ አያሻውም፤ በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 96 የባሕር አደን ተፈቅዶልናል፤ ሐይቅና ወንዝም በዚያው ይገባሉ። ስለዚህ ከዝዋይም ይምጣ ከጫሞ፣ መረቡን የጣለው ማንም ይሁን ማን፣ ጥሬውን ገዝተን እንበላለን። ጎረቤት የላከላቸውን ጥሬ ዓሣ የመለሱ ቤቶች መኖራቸው ያሳዝናል። መጠየቅ ያለብን የተጠበሰውን ስንገዛ ነው፤ ዘይቱና መጥበሻው ያልተፈቀደልን ሥጋ ነክቶት እንደሆነ።

አምባዛ ልፋት አለው። ቆዳው ያሟልጫልና በጨውና በሎሚ አሽተን እናጥበዋለን። ሥጋው ቅባት ስላለው ሽንኩርትና በርበሬው በደንብ ለበሰለ ወጥ ይስማማል፤ የሚገባው ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ካማሰልነው ይፈርሳል። ቆሮሶን ሙሉውን በዱቄት ለውሰን ብንጠብሰው ይሻላል፤ እሾሁን ለልጆች አባት ይልቀም፣ እናት ደክማለች።