መንግሥት ሲለወጥ የማጭበርበር መከላከያው ምን ይሆናል?

አቅራቢ 1፦ በእንግሊዝና ዌልስ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች 40 በመቶ ገደማው ማጭበርበር ነው። የብሪታንያ ወግ አጥባቂዎች መንግሥት እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 አገራዊ የፀረ ማጭበርበር ስትራቴጂ አወጣ፤ በጁላይ 2024 ሌበር ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። ስትራቴጂ የመንግሥት ሰነድ እንጂ ሕግ ስላልሆነ አዲስ ካቢኔ ሊከልሰው ወይም መደርደሪያ ላይ ሊተወው ይችላል።

አቅራቢ 2፦ ሕግ ግን እንዲህ በቀላሉ አይነቀነቅም። በኦክቶበር 2023 የጸደቀው የኢኮኖሚ ወንጀል ሕግ፣ ሠራተኞቹ ለድርጅቱ ጥቅም ሲያጭበረብሩ ለመከላከል ተገቢውን ያላደረገ ትልቅ ድርጅት እንዲጠየቅ ያዛል። አንቀጹ ሥራ ላይ የዋለው ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025፣ በሌበር ዘመን ነው። አንዱ ዘርቶ ሌላው አጨደ።

አቅራቢ 1፦ የተበዳዩስ ነገር? የአንዲት ጡረተኛ ስልክ ይጮኻል። «ከባንክ ነው፤ ገንዘብዎ አደጋ ላይ ነው» ይላል አንድ ትሑት ድምፅ። ወደ ነገራት የሒሳብ ቁጥር ገንዘቧን ታስተላልፋለች፤ ጥሪቷ በሰከንዶች ውስጥ ይሄዳል።

አቅራቢ 2፦ ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ወዲህ ላኪውና ተቀባዩ ባንክ ወጪውን እኩል ተካፍለው እንዲህ የተወሰደን ገንዘብ የመመለስ ግዴታ አለባቸው። መጀመሪያ የታሰበው የተመላሽ ገንዘብ ጣሪያ 415,000 ፓውንድ ነበር፤ ደንቡ ሊጀምር ሲል ግን ወደ 85,000 ወረደ። የቤት መግዣ ገንዘቡን ለተነጠቀ ሰው ይህ እጅግ ከባድ ነው። የወሰነው ደግሞ ሚኒስትር ሳይሆን የክፍያ ሥርዓቶች ተቆጣጣሪው ነው።

አቅራቢ 1፦ የመንግሥት ትኩረትም ተቀይሯል፤ ሌበር በዲሴምበር 2024 በኮቪድ ጊዜ የተመዘበረ የሕዝብ ገንዘብ የሚከታተል ኮሚሽነር ሾሟል።