ቆሞ የሚሄደውና ተቀምጦ የሚሄደው

(የጫንጮ ወጣቶች ባዘጋጁት የውይይት ቀን የቀረበ ንግግር)

 

«ስለ ኤሌክትሪክ ስኩተር ንገረን» ብላችሁ ስትጠሩኝ፣ አልዋሻችሁም፣ ሳቄ ነው የመጣው። የፈረስ ጋሪው፣ ባጃጁና ሲሚንቶ የጫነው ተሳቢ በአንድ አስፋልት ላይ በሚጋፉበት፣ በክረምት ደግሞ ጭቃው ጫማ በሚያስቀርበት ከተማ ስለ ፈረንጅ መጫወቻ ማውራት ቅንጦት መሰለኝ። ኋላ ግን ነገሩ ቤቴ ድረስ መጣና ሳቄን አስቆመኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ታላቅ እህቴ እዚሁ ጫንጮ ናት። በልጅነቷ ፖሊዮ እግሮቿን ስለነሳት የምትንቀሳቀሰው በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ነው። በቅርቡ አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ ከዱባይ የመጣለትን ስኩተር ይዞ ብቅ አለ። ቀጭን፣ አብረቅራቂ፣ ድምፅ የሌለው ነገር። እኔም «እስቲ ልሞክራት» ብዬ ወጣሁባት። አስፋልቱ ላይ እንደ ቅቤ ነው የሄደችው። ወደ ኮብልስቶኑ ስታጠፍ ግን ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ሃያ እርምጃ ሳልርቅ የፊት ጎማዋ ክዳኑ የተነሳ ቦይ ውስጥ ገባና እኔ ከነክብሬ መሬት! ሰፈሩ ሳቀ። እህቴም ሳቀች። ከዚያ ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«አየህ ወንድሜ፣ አንተ ያቺን ቦይ ዛሬ ተዋወቅሃት። እኔ ግን ሁልጊዜ ነው የምዞራት።»

የዛሬው ንግግሬ እንግዲህ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን እናወዳድር። ቆመው የሚነዱት ስኩተር በዓለም ገበያ የታወቀው ኤም 365 የሚባለው የሻኦሚ ሥሪት ነው። 12 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ አንድ እጅ ያነሳዋል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ባትሪው ሲሞላ የሚወስደው መብራት ከሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ርካሽ ነው፣ ጭስ የለው፣ ቤንዚን አይጠይቅ። እንከኑስ? አንደኛ፣ በአንድ ሙሌት 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚባለው ሜዳ ላይ፣ ቀላል ሰው ሲነዳው ነው። ከዚህ አዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሐል ላይ ደግሞ እንጦጦ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ጎማው 8 ኢንች ተኩል ብቻ ነው፤ ትንሽ ጎማ ትንሿን ጉድጓድ ገደል ያደርጋታል። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ቆሞ ሚዛኑን ለሚጠብቅ ሰው ብቻ የተሠራ ነው።

ተቀምጠው የሚሄዱበትስ? በእጅ የሚዘወረው ባለ ሦስት ጎማ የብስክሌት ጎማ ስላለው ጉድጓዱን ይችለዋል፤ ሚዛን አይጠይቅም፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለውም፤ ቢሰበር ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት ይጠግነዋል። ነገር ግን ከባድ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ዳገት ላይ ክንድ ይገነጥላል። አንዲት ደረጃ ካገኘ እዚያው ቀረ። ዊልቸር ደግሞ በር ይገባል፤ የፊት ጎማዎቹ ግን እንደ ስኩተሩ ትናንሽ ናቸውና ኮብልስቶንና ጭቃ ይይዘዋል። ባትሪ ያለው ዊልቸር ክንድን ያሳርፋል፤ ክብደቱና ዋጋው ግን ሌላ ጣጣ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! ስኩተሩን የጣለው ጉድጓድና ዊልቸሩን ያስቆመው ጉድጓድ አንድ ጉድጓድ ነው። ልዩነቱ፣ እኔ ተነስቼ አቧራዬን አራገፍኩ፤ እህቴ ግን ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለች።

አንድ ታሪክ ልጨምርላችሁ። ዲን ካመን የሚባል አሜሪካዊ ፈልሳፊ አለ። በመጀመሪያ ደረጃ የሚወጣ፣ በሁለት ጎማ ቆሞ ተቀማጩን ከሰው ዓይን እኩል የሚያደርግ ዊልቸር ሠራ፤ «አይቦት» አለው። ሚዛን የሚጠብቅበትን ያንኑ ጥበብ ወስዶ ደግሞ ለጤነኛ ሰው «ሴግዌይ» የተባለውን ባለ ሁለት ጎማ መቆሚያ ሠራና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ለዓለም አሳየ። ከተሞችን ይለውጣል ተብሎ ከበሮ ተመታለት። በ2010 የኩባንያው ባለቤት የነበሩት እንግሊዛዊ ባለጸጋ ጂሚ ሄሰልደን በዚሁ በሴግዌይ ላይ ሳሉ ገደል ገብተው ሞቱ። በ2020 ምርቱ ቆመ። ከበሮ ያልተመታለት ዊልቸርስ? ዋጋው ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ስለነበር ገዢ አጥቶ በ2009 ምርቱ ተቋረጠ፤ ገበያ ላይ የተመለሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ዓለም ለሚቆመው መጫወቻ ሲያጨበጭብ ለሚቀመጠው እግሩ የሆነውን ነገር ረስቶት ነበር ማለት ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። እንግሊዝ አገር የግል ኤሌክትሪክ ስኩተር በሕዝብ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው፤ የተፈቀደው ለሙከራ የሚከራየው ነው። የአካል ጉዳተኛው ባለ ባትሪ ተሽከርካሪ ግን በእግረኛ መንገድ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ትልቁ ዓይነት ደግሞ በመኪና መንገድ እስከ 12 እንዲሄድ ይፈቀድለታል። ማን መቅደም እንዳለበት ያውቃሉ ማለት ነው። የፓሪስ ከተማስ? እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን 2023 የኪራይ ስኩተር ይቅር ወይስ ይኑር ብላ ነዋሪዋን ድምፅ አስጠየቀች። የወጣው ሰው ከመቶ ስምንት እንኳ አልሞላም፤ ከወጡት ውስጥ ግን ከመቶ 89 ያህሉ ይቅር አሉ። በመስከረም ቀረ። ድምፅ አልባ ስኩተር በእግረኛ መንገድ ላይ ሽው ሲል ዓይነ ስውር ምን ይሆናል? ይህን እኛ ልናጣው አንችልም፤ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ሰበታ ጎረቤታችን ናት።

እኛ ዘንድ እንዴት ነው የሚወሰነው? አዲስ አበባ ውስጥ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ሞተር ብስክሌት ተገደበ። በ2015 የባጃጅ አገልግሎት ለጊዜው ታገደ። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እያንዳንዱ ምክንያት ይኖረው ይሆናል፤ ወንጀሉም፣ የውጭ ምንዛሪውም እውነት ነው። ግን ለመሆኑ ማን ተጠየቀ? ባለ ባጃጁ ተጠየቀ? ተሳፋሪው ተጠየቀ? በእጁ እየዘወረ የሚሄደውማ ከነጭራሹ በማን ትዝ ይለዋል! ፓሪሶች የከለከሉት ጠይቀው ነው፤ እኛ የምንሰማው በዜና ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ገና በ2001 ዓ.ም. ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር። በ2002 ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። ወረቀቱ ሞልቷል። እህቴ ግን ስሙን ወደማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄዳ ከደረጃው ሥር ቀረች። አንድ ሠራተኛ ከላይ ሆኖ «ሰው ላኪ» አላት። ሰው እኮ ናት የመጣችው!

«ታዲያ ስኩተሩ ይቅር?» ትሉኝ ይሆናል። አላልኩም! ከሕዳሴው ግድብ በኋላ መብራቱ በየቤታችን በአግባቡ ከደረሰ በባትሪ መሄድ ለኛ ከማንም በላይ ያዋጣል። ወጣቱ ይንዳ፣ ይደሰት፣ ሥራውንም ይሥራበት። እኔ የምለው ቅደም ተከተል ይኑረን ነው። በመጀመሪያ ቦዩ ይከደን። ሁለተኛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ከደረጃው ጎን አንድ ተዳፋት መውጫ ይሠራ፤ ጥቂት ሲሚንቶና ጠጠር ነው፤ ሲሚንቶውማ በደጃችን ነው የሚያልፈው! ሦስተኛ፣ ባትሪና ሞተር መግጠም የሚችል ብየዳ ቤት ካለን በመጀመሪያ በእጅ የሚዘወረው ላይ ይግጠም፤ የእህቴ ክንድ ዳገቱን ሲገፋ ኖሯል። አራተኛ፣ ስኩተር የሚነዳ የእግረኛ መንገድ ላይ አይውጣ፤ ይህን ሕግ እስኪወጣ ሳንጠብቅ እዚሁ እኛው እንስማማ።

ለተቀማጩ የተሠራ መንገድ ለቆመውም ይበጃል፤ ጋሪውን ለሚገፋውም፣ ልጅ ላዘለችውም፣ ምርኩዝ ለያዙት አባቶቻችንም። ለቆመው ብቻ የተሠራ መንገድ ግን አንድ ቀን ለሁላችንም ይጠበናል። ማናችን ነን ቆመን የምንቀረው?

ከዚህ ስንወጣ አብረን ወደዚያች ቦይ እንሂድ። ክዳኗ ያለው እዚያው አጠገቧ ወድቆ ነው፤ ለማንሳት አራት ሰው ይበቃል። እዚህ ከመቶ በላይ ነን።