ባሕር የሌለበት ሽርሽር

ጣሊያኖች ነሐሴ ሲገባ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ባሕር ዳርቻ ይጎርፋሉ። እኛ የሸሕዲ ከተማ ሰዎች ባሕር የለንም፤ የሚታይ ግን ሞልቶናል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁበት መተማ ቅርባችን ነው። ወደ ቋራ ሲዘልቁ ደግሞ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ የሚዋሰነው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በ2008 ዓ.ም. አንበሳ በካሜራ የተቀረጸበት። እንግዳ ሲመጣብን ግን የምናስጎበኘው ገበያውን ብቻ ነው! እሱም ቢሆን አይናቅም። በጥቅምት መጨረሻ የመጣ ሰው ከገበያው አልፎ ማሳ ድረስ ቢወጣ፣ ታስሮ ቆሞ የደረቀው ሰሊጥ ሲገለበጥ ፍሬው ሸራው ላይ ሲንሿሿ ይሰማል። በሚያዝያ ግን አትጋብዙት፤ ሙቀቱ እኛን የለመድነውንም ያማርራል።