የኮቱ ገበር፦ ስለ ኪልት፣ ስለ ልብስ ስፌትና ስለ አንድ ስሕተቴ



የዛሬው ርእስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንዳሰኘ ሰምቻለሁ። የቁሳዊ ባህል ታሪክ መምህር ስለ አንድ ኮት ጉባኤ ይጠራል ወይ? ይጠራል፤ ምክንያቱም ያ ኮት በዚሁ አዳራሽ ከዐሥር ዓመት በላይ ሳስተምረው የኖርሁትን አንድ ነገር እንዳርም አስገድዶኛል። እርማትም በአደባባይ የተነገረ ስሕተት ከሆነ በአደባባይ ሊነገር ይገባዋል።

አስቀድሜ ነገሩን ላብራራ። ኪልት የስኮትላንድ ወንዶች የሚታጠቁት፣ ከፊት ዝርግ ከኋላ ሽንሽን የሆነ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የሱፍ ልብስ ነው። አንድ ሙሉ ኪልት 8 ያርድ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ ጨርቅ ሊፈጅ ይችላል። ተማሪዎቼ እንደምታስታውሱት እኔ ኪልትን የማነሣው ለአንድ ዓላማ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ኤሪክ ሆብስባውምና ቴረንስ ሬንጀር ስለ ወግ ፈጠራ ባሳተሙት መድበል ውስጥ ሂዩ ትሬቨር ሮፐር ስለዚህ ልብስ ጽፏል። እንደ እርሱ አባባል አጭሩ ኪልት ጥንታዊ አይደለም፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ ሮውሊንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የብረት ማቅለጫ ባለቤት ለሠራተኞቹ እንዲመች ብሎ ያመጣው ነው። ይህን ታሪክ የተቃወሙ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔ ግን እነርሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋቸው ነበር።

ከዚያም እቀጥላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1746 የወጣው ሕግ ከወታደሮች በስተቀር ወንዶች ይህን ልብስ እንዳይለብሱ ከለከለ፤ ለመጀመሪያ ጥፋት ስድስት ወር እስራት፣ ለሁለተኛው ሰባት ዓመት ግዞት ደነገገ። ሕጉ በ1782 ተሻረ። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንበራን ሲጎበኙ ደራሲው ዋልተር ስኮት ሥነ ሥርዓቱን አሰናዳ፤ ንጉሡም ራሳቸው ኪልት ለብሰው ታዩ። ትናንት የተከለከለው ዛሬ የአገር ምልክት ሆነ። «እንግዲህ ጥንታዊ ወግ የምትሉት ይህ ነው» ብዬ እዘጋለሁ፤ ተማሪው ይሥቃል፤ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሴት ልጄ ኤድንበራ ውስጥ አንድ ስኮትላንዳዊ ልታገባ ሆነች። የሙሽራው አባት ስልክ ደውለው በሠርጉ ቀን ከእርሳቸው ጎን በኪልት እንድቆም በታላቅ ትሕትና ለመኑኝ። «ኪልቱን እኔ አውስዎታለሁ፤ ኮቱ ግን በሰውነትዎ ልክ መሆን ስላለበት እርስዎ ይፈልጉ» አሉኝ። ልጄ ንግግሬን በቃሏ ታውቀዋለችና፣ «አባዬ፣ ስታሾፍበት የኖርኸውን ልብስ ከአንገት በላይ ከምትለብሰው ይቅር» አለችኝ። ይህ አነጋገር ቆርጦ ገባኝ። ቃል ገባሁላት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ኤድንበራ በገባሁ በማግሥቱ ጎብኚ ከሚበዛበት ጎዳና ላይ ከአንድ ሱቅ ጥቁር ኮት ገዛሁ። መስተዋት ፊት ስቆም አንድ ነገር ትክክል አለመሆኑ ታወቀኝ፤ ምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻልሁም። ሠላሳ ዓመት ስለ ልብስ ታሪክ ያነበብሁ ሰው ከፊቴ ያለውን ልብስ ማንበብ ተሳነኝ። በዚያው ቀን ካፊያ መታኝና ኮቱ ሲደርቅ ደረቱ ላይ እንደ ሽሮ ወጥ ተንፈቅፍቆ ቀረ።

የሙሽራው አባት አይተው ምንም አላሉም፤ ብቻ ከከተማው ዳር በአንዲት ጠባብ ክፍል ወደሚሠሩ አረጋዊ ልብስ ሰፊ ወሰዱኝ። ሽማግሌው ኮቱን ከእጄ ተቀብለው ፊቱን አላዩትም። ገልብጠው ገበሩን አዩ። ከዚያም አለማወቄን ሳይነቅፉ ያስተምሩኝ ጀመር።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ቁመት ነበር። ኪልት እንደ ሱሪ ዳሌ ላይ አይውልም፤ እምብርት አካባቢ ይታሰራል። ስለዚህ ኮቱ ከተራ ኮት ያጠረ፣ ወገቡም ከፍ ያለ መሆን አለበት። ከኋላ ሽንሽኑ እንደ ልብ እንዲዘረጋ ይተወዋል፤ ከፊትም ስፖራን ለተባለው፣ ከወገብ በታች ለሚንጠለጠለው የቆዳ ቦርሳ ቦታ እንዲለቅ ጫፎቹ ወደ ጎን ተከርክመው ይቆረጣሉ። የእኔ ኮት ግን በሱሪ ለሚለበስ ተቆርጦ ከታች ያጠረ ነበር። ኪሱ ከጫፉ ጋር ተጣብቋል፤ ቁልፉ ከወገቤ በታች ወርዷል፤ በሰደርያውና በኪልቱ መካከል ሸሚዜ ይታያል። ረጅም ልብስ ማሳጠርና አጭር ልብስ መቁረጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ሁለተኛው ስለ ውስጡ ነው። በደንብ በተሠራ ኮት ደረት ውስጥ፣ በውጩ ጨርቅና በገበሩ መካከል፣ ከሱፍና ከፈረስ ጸጉር የተሠራ ጠንካራ ጨርቅ አለ። ይህም በእጅ ስፌት ላላ ተደርጎ ስለሚያያዝ ከለባሹ ደረት ጋር እየተላመደ ይሄዳል። በርካሹ ኮት ማጠንከሪያው በሙጫ ይለጠፋል፤ ሙጫው ሲለቅ ጨርቁ ይነፋል። ሽማግሌው ከቁልፍ ቀዳዳው በታች ያለውን ጨርቅ በሁለት ጣት ቆንጥጬ እንድሳሳው አዘዙኝ። በመካከል ለብቻው የሚንሸራተት ሦስተኛ ድርብ ከተሰማኝ ስፌት ነው፤ ካልተሰማኝ ሙጫ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ስለ ብብት ነው። እጄን ወደ ላይ እንዳነሣ አዘዙኝ፤ ኮቱ በሙሉ ተከትሎኝ ወጣ። የእጅጌው መግቢያ ሰፊና ዝቅ ያለ ነበርና። «በሠርጉ ይጨፍራሉ፤ የጨፋሪ ብብት ወደ ላይ የተጠጋ መሆን አለበት» አሉኝ።

አዲስ ለማሰፋት ጊዜ አልነበረም። ሽማግሌው ከመስቀያቸው አንድ አሮጌ ኮት አወረዱ፤ ለቀን የሚለበሰው፣ አርጋይል የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጨርቁም ሃሪስ ትዊድ። ይህ ስም በእ.ኤ.አ. 1993 ሕግ የተጠበቀ ነው፦ ሱፉ በውጫዊ ሄብሪዲስ ደሴቶች የተነከረና የተፈተለ፣ ጨርቁም ደሴተኞቹ በየቤታቸው በእጅ የሸመኑትና እዚያው የተጠናቀቀ መሆን አለበት። ኮቱ ለእኔ ጠባብ ነበር። ሽማግሌው ግን የጀርባውን ስፌት ከፍተው ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ አሳዩኝ። የመጀመሪያው ሰፊ፣ ኮቱ አንድ ቀን ሌላ ሰው ይለብሰው ይሆናል ብሎ የተወው ነው። በአምስተኛው ቀን በልኬ ሆኖ ተረከብሁት።

ሲለኩኝ ዝም ማለት አልቻልሁምና የትሬቨር ሮፐርን ክርክር ነገርኋቸው። ሳቅ አሉ። ለምሽት የሚለበሰው ኮት በልዑል ቻርሊ ስም ቢጠራም ልዑሉ እንዲህ ያለ ልብስ ለብሶ እንደማያውቅ እርሳቸውም ያውቁ ኖሯል። «ይሁን፤ ማንም ይፍጠረው ማን፣ ጨርቁን የሚቆርጠው ሰው ግን መቁረጡን ማወቅ ነበረበት» አሉኝ።

እርማቴ ይህ ነው። ትሬቨር ሮፐርን አንብቡት፤ ተቺዎቹንም አንብቡ። ወግ መቼና በማን እንደ ተጀመረ መጠየቅ ተገቢ ነው። የእኔ ስሕተት መነሻውን ሳገኝ ጥያቄው ያለቀ መምሰሉ ነበር። ስለ ልብሱ መነሻ ሳስተምራችሁ በውስጡ ስላለው እውቀት አንዲት ቃል አልተናገርሁም፦ ወገብ የት እንደሚውል፣ ብብት ምን ያህል እንደሚጠጋ፣ ለማይታወቅ ለባሽ ስንት ጣት ትርፍ እንደሚተው። ይህ እውቀት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው፤ ተቀባይ ሲያጣም ይጠፋል። ወጉ ፈጠራ ሊሆን ይችላል፤ ስፌቱ ግን ወይ ይይዛል ወይ ይተረተራል።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ ይህን ከቤቴ ማወቅ ይገባኝ የነበረ መሆኑ ነው። እናቴ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ስትገዛ ጥለቱን ገልብጣ ጀርባውን ታይ ነበር። ሸማኔው የደበቀው የተንጠለጠለ ክር ካለ እዚያ ይገኛል። ልጅ ሳለሁ እናቴ የምታደርገው ይህ ነገር ያሰለቸኝ ነበር። በኤድንበራ ሽማግሌው ኮቴን ሲገለብጡት ወዲያው እርሷ ናት ትዝ ያለችኝ።

በሠርጉ ቀን ልጄ ከላይ እስከ ታች አየችኝና የኮቴን ፊት ገልጣ ገበሩን ተመለከተች። «ከአንገት በላይ አይደለም» አለች። ጨፈርን፤ ኮቱም ከወገቤ ንቅንቅ አላለም።

ኮቱን ይዤው መጥቻለሁ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስትወጡ ገልብጣችሁ እዩት።